ጨው ቀንሱ ስንባል ከየትኛው ላይ ነው?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

የጤና ዓምዳችሁን ከሚከታተሉት አንዱ ነኝ። ጋዜጣው ሐዋሳ ሲደርስ ከስፖርቱ ቀጥሎ የምገልጠው ገጽ እርሱ ነው። በዚህ ዓምድ ስለ ጤናማ አመጋገብ በተከታታይ የወጡት ጽሑፎች ጠቃሚ መሆናቸውን አልክድም፤ ሆኖም ሁሉንም አንብቤ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ሳይመለስልኝ ቀርቷል። ጨው ቀንሱ፣ ስኳር አታብዙ፣ ቅባት ተጠንቀቁ፣ አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትሩ ይላሉ። ስንት ከነበረው ላይ ስንት እንደምንቀንስ፣ ከአንድ ትሪ የሚበላ ቤተሰብ ደግሞ የየራሱን ድርሻ በምን እንደሚለካ ግን አይናገሩም። ሙያዬ ሒሳብ በመሆኑ የቤቴን አመጋገብ በቁጥር ለመመርመር ሞክሬ ነበር። ያገኘሁት ውጤት ከገመትሁት በጣም ስለተለየብኝ ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅም ይሆናል በሚል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጤና ጣቢያ ነው። ዕድሜዬ 51 ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ የደም ግፊቴ ሲለካ 148 በ94 ሆኖ ተገኘ፤ ከሳምንት በኋላ ስመለስም ብዙ አልተለወጠም። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የደም ግፊት የሚለው ከ140 በ90 ጀምሮ ስለሆነ የእኔ ከወሰኑ ወጥቷል ማለት ነው። ሳልበላ የተለካው የደም ስኳሬም 112 ነበር፤ ይህም የስኳር በሽታ ገና አልሆነም፣ ደኅና ነውም አይባልም። ያስተናገደችኝ ነርስ በጣም ትሑት ነበረች። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሦስት ወር እንደሚጠበቅ ነገረችኝና «ጋሼ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ጮማና ጥሬ ሥጋ ይተዉ፣ ስኳርም ይጠንቀቁ» ብላ አሰናበተችኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብሁት ስለ ጮማው ነበር። በእኛ ቤት ሥጋ በወር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንድ ወር ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። ጥሬ ሥጋ የበላሁት በፋሲካ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ ሁዳዴውን 55 ቀን እንጾማለን፤ በዚያ ላይ መጠጥ አላበዛም። እንዲህ የሚኖር ሰው ግፊትና ስኳር ከየት መጣበት? ሥጋ ቤት ደጃፍ ቆሞ የማይታየውን ሰው ሥጋ ተው ማለት ላልገዛው ዕቃ ዕዳ ክፈል እንደማለት ሆነብኝና ጥቂት ተቆጣሁ። ከዚያ በኋላ ነው የባለቤቴ የአስቤዛ ደብተር ትዝ ያለኝ።

ባለቤቴ ለብዙ ዓመታት የቤቱን ወጪ በደብተር ስትይዝ ኖራለች። ዘይት መቼ እንደተገዛ፣ ስኳር ስንት ኪሎ እንደገባ፣ ሽንኩርቱ በስንት ቀን እንዳለቀ ሁሉ እዚያ አለ። እኛ አምስት ነን፤ እኔ፣ እርሷና ሦስት ልጆች፣ ትንሿ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የወሩን ግዢ ለአምስት ሰውና ለ30 ቀን ማለትም ለ150 ባካፍለው የአንድ ሰው የአንድ ቀን ድርሻ በግምትም ቢሆን ይወጣል ብዬ አሰብሁ። ልኬቱ ፍጹም አይደለም። እንግዳ ይመጣል፣ የሚደፋ አለ፣ ትንሿ ልጅ የአዋቂውን ያህል አትበላም። ቢሆንም «ቀንሱ» ከሚለው ባዶ ቃል የተሻለ መነሻ ነው።

ማነጻጸሪያ የሚሆን መመሪያ ደግሞ አለ። አገራችን የመጀመሪያውን ምግብን መሠረት ያደረገ የአመጋገብ መመሪያ በ2014 ዓ.ም አውጥታለች፤ በየቀኑ ቢያንስ ከአራት የምግብ ምድቦች እንድንመገብ ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አትክልትና ፍራፍሬ ቢያንስ 400 ግራም ይላል። በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከአሥር እጅ አንድ እጁ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም የዚያ ግማሽ እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 50 ግራም፣ ሲሻል 25 ግራም ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍሁና ሥራ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው መስመር ጨው ነበር። በእኛ ቤት አንድ ኪሎ የታሸገ ጨው በሦስት ሳምንት ያልቃል። አንድ ሺህ ግራም ለ21 ቀንና ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 9 ግራም ተኩል ይደርሳል፤ ይህም ከተፈቀደው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስሕተት ይኖር ይሆን ብዬ ለፓስታ መቀቀያ ገብቶ ከውኃው ጋር የሚደፋውን፣ ሥጋና ዓሣ የሚታሽበትን ሁሉ ቀነስሁ። ቀንሼም ቢሆን ከወሰኑ በታች አልወርድ አለኝ። ይባስ ብሎ ባለቤቴ የረሳሁትን አስታወሰችኝ፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ምጥን ሽሮውም እንደዚያው። ያ ጨው የተገዛው ባለፈው ዓመት፣ በጅምላ ስለሆነ በዚህ ወር ደብተር ላይ አይታይም። በሒሳብ ቋንቋ ብናገር ከመዝገብ ውጭ የሆነ ወጪ ነው። ከዳቦ ቤት የሚመጣው ዳቦም የራሱን ጨው ይዞ ነው የሚመጣው። ጨው በሰውነት ውስጥ ውኃ ይዞ ስለሚያስቀር በደም ሥር የሚዘዋወረውን ፈሳሽ እንደሚያበዛና ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። በየቀኑ በእጥፍ የምበላ መሆኔን ግን አላውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ማዕድ ላይ ጨው ጨምሬ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሙከራ አደረግን። ጠዋት ገና እሳት ሳይነድ አምስት የሻይ ማንኪያ ጨው እየለካን፣ ማንኪያውን በቢላዋ ጀርባ እያስተካከልን በቡና ሲኒ ውስጥ ከተትን፤ አንድ ማንኪያ ለአንድ ሰው የቀኑ ድርሻ መሆኑ ነው። ሲኒዋን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠን የቀኑ ጨው ሁሉ ከዚያች ብቻ ይወጣል ተባለ። ባለቤቴ ጨው በማንኪያ ሰፍራ አታውቅም፤ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ወደ ድስቱ ትጥላለች፣ ቀምሳ ትደግማለች። የቁርሱ እንቁላል ጥቂት ወሰደ። ለምሳ ሽሮ፣ ቆስጣና ድንች ሲሠራ ሲኒዋ ከግማሽ በታች ወረደች። ወጡ ግን ያው የወትሮው ወጥ ነው፤ ማንም «ጨው በዛ» አላለም፣ ማንም «አነሰ» አላለም። ማታ ለፓስታው ሱጎ የቀረው ከሲኒዋ ሥር የተጣበቀው ብቻ ሆነ። ትንሿ ልጄ አንድ ጊዜ ጎረሰችና «አባዬ፣ ይሄኮ የሆስፒታል ምግብ ነው» ብላ ሹካዋን አስቀመጠች። ልጅቷ ሆስፒታል ተኝታ አታውቅም፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሲኒዋ ከምድጃው አጠገብ አልተነሣችም። ጨውን በአንድ ጊዜ ከአምስት ማንኪያ በታች ማድረግ አልቻልንም፤ በስምንት ጀምረን አሁን ስድስት ላይ ነን። ባለቤቴ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራ የጎደለውን ጣዕም ትሞላለች። ዋናው ነገር አንድ ኪሎው ጨው አሁን ከሦስት ሳምንት አልፎ ከአንድ ወር በላይ መቆየቱ ነው። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ግን አልተውንም። ባለቤቴ ድስቱ ሊወርድ ሲል መጨመር የጀመረችው አዮዲኑ ረጅም እሳት ላይ ስለሚባክን ነው።

ስኳሩ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በደብተሩ መሠረት በቤታችን በወር አምስት ኪሎ ስኳር ይገባል፤ በነፍስ ወከፍ በቀን 33 ግራም ማለት ነው። ይህንን ሳይ ደስ አለኝ፤ ከ50 ግራም በታች ነውና። ደስታዬ የቆየው የቢሮውን ሻይ እስክቆጥር ድረስ ነው። ከቢሮአችን አጥር አጠገብ ሻይ የምትሸጥ እህት አለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ እጠጣለሁ። ሻዩ የሚመጣው ስኳሩ ቀድሞ ገብቶ ነው፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከብርጭቆው ሥር ሳይማሰል ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ማሰሉ የደንበኛው ፈንታ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ስለሆነ ሦስት ሻይ 36 ግራም ሆነ። ከቤቱ ጋር ሲደመር ወደ 70 ግራም ይጠጋል። ይህ እንግዲህ ለስላሳ ያልጠጣሁበት፣ ኬክ ያልቀመስሁበት፣ ማንም ማኪያቶ ያልጋበዘኝ ቀን ነው። ለስላሳ ቢጨመርበት፣ ከተለመዱት የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙሶች ብዙዎቹ 30 ግራም ገደማ ስኳር ስለሚይዙ፣ የቀኑ ሒሳብ በአንድ ጠርሙስ ይበላሻል።

መቀነሱ ከታሰበው በላይ ሰው ያነጋግራል። በመጀመሪያው ቀን «ለእኔ ያለ ስኳር አድርጊልኝ» ስላት ሻይ ሻጯ እጇን ከቆርቆሮው አውጥታ በሐዘን አየችኝና «ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አጠገቤ የነበሩት የሥራ ባልደረቦቼም ፊታቸውን አዞሩ። በአገራችን ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣው የታመመ ሰው ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ መቀነስ ራስን በሽተኛ ብሎ እንደማስመዝገብ ይቆጠራል። በሁለተኛው ሳምንት «አንድ ማንኪያ ብቻ» ወደሚለው ዞርሁ፤ ይህ ንግግር አላስነሣብኝም። የጭማቂ ቤቶቻችንም ቢሆኑ ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ሐዋሳ አቮካዶ የሞላበት አገር ነው፤ ከይርጋለምና ከአካባቢው የሚመጣው ለከተማው ተርፎ ወደ ሌላም ይሄዳል። አቮካዶ በተፈጥሮው ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ እኛ ግን ስፕሪስ ብለን ስኳርና ሽሮፕ ካላፈሰስንበት አይጣፍጠንም። በነገራችን ላይ ፍሬው ሳይጨመቅ ሲበላ ውስጡ ያለው ስኳር ከ50 ግራሙ አይቆጠርም፣ ሲጨመቅ ግን ይቆጠራል። ብርቱካን ልጦ የሚበላ ሰውና የብርቱካን ጭማቂ የሚጠጣ ሰው በመመሪያው ፊት እኩል አይደሉም።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የዘይቱ መስመር ነው። በአዘቦት ወር አምስት ሊትር ጀሪካን ይበቃናል፤ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከምናምን ነው። በሁዳዴ ወር ግን ደብተሩ ላይ አምስት ሊትርና እንደገና ሦስት ሊትር ተመዝግቧል። ስምንቱ ሊትር ሲካፈል 53 ሚሊ ሊትር፣ ሦስት ማንኪያ ተኩል ይሆናል። ከዘይት ብቻ በቀን ከ400 ኪሎ ካሎሪ በላይ አገኘን ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ቁጥር ብቻውን ከዓለም ጤና ድርጅት ወሰን አያልፍም፤ ድርጅቱ የቅባት ድርሻ ከዕለቱ ኃይል ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ የእኛ ዘይት ደግሞ ወደ 22 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ ሁዳዴን «ሰውነቴ የሚያርፍበት ጊዜ» እያልሁ ስኖር ኖሬ ዘይት ከዓመቱ ሁሉ የሚበዛው በዚያው ወር መሆኑን ማወቅ ቀላል አልነበረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቅቤው ሲወጣ የሱን ቦታ ዘይት ይወስዳል፣ ሽሮው በዘይት ይቁላላል፣ ድንቹ ይጠበሳል፣ ለልጆች ሳምቡሳ ይሠራል፣ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ደግሞ የራበው ሰው የሚያነሣው እንጀራ ከወትሮው ይበልጣል። ስለ ጾሙ መንፈሳዊ ትርጉም እዚህ የምለው የለም፤ ጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ምግብ ነው የሚለው የራሴ ግምት ግን ስሕተት ነበር።

የዘይቱ ዓይነትም ጉዳይ አለው። ለረጅም ጊዜ እንደ ብዙው የከተማ ቤተሰብ የምንጠቀመው የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነበር፤ ርካሽና በሸማቾች ማኅበር የሚገኝ ስለነበረ። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ በጠዋት ብርድ እንዲረጋ የሚያደርገው የቅባት ዓይነት ነው፤ ሐኪሞች ለልብና ለደም ሥር አይመክሩትም። የቅቤም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ገደማ የዚህ ቅባት ስላለው፣ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ከሚመከረው የ22 ግራም ወሰን ሦስት ማንኪያው ይደርስበታል። የባለቤቴ ቤተሰቦች ይርጋለም ናቸው፤ በዓል ሲሆን ቡርሳሜ በቅቤ ሰጥሞ ይቀርባል፣ አልበላም ማለትም አይታሰብም። ግን ያ በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ነው። እኔን ያመመኝ የዓመቱ ሁለት ሦስት ቀን ሳይሆን ቀሪው ቀን ሁሉ ይመስለኛል።

አትክልትና ፍራፍሬውን ስቆጥር ከባለቤቴ ጋር ክርክር ገጠምን። በወሩ ከገባው ውስጥ ድንቹን አወጣሁ፤ ድንች፣ ስኳር ድንችና ሌሎች ሥራ ሥሮች ከ400 ግራሙ አይገቡምና። የቀረው 32 ኪሎ ሆነ፤ ለአንድ ሰው በቀን 213 ግራም፣ ከሚመከረው ግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ከዚያ ውስጥ ግን አሥር ኪሎው ሽንኩርት ነበር፣ ስድስት ኪሎው ቲማቲም። ሽንኩርት አትክልት ነው ወይስ ቅመም? በመመሪያው አትክልት ነው፤ በእኔ ኅሊና ግን አንድ ሰዓት ሙሉ በዘይት ተቁላልቶ ቀለሙ የጠፋውን ሽንኩርት «አትክልት በላሁ» ብዬ ለመመዝገብ እጄ አልታዘዘልኝም። ሽንኩርትና ቲማቲሙ ሲወጣ የሚቀረው ጎመን፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሙዝና አቮካዶ በነፍስ ወከፍ ከ110 ግራም በታች ነው፣ ከነልጣጩና ከነፍሬው። አቮካዶ በርካሽ በሚሸጥበት ከተማ ይህ ያሳፍራል።

በደስታ ያየሁት መስመር አንድ ነው፤ ጥራጥሬ። ሽሮ፣ ምስርና አተር ክክ አንድ ላይ በወር ዘጠኝ ኪሎ፣ ለአንድ ሰው በቀን 60 ግራም። እዚህ ላይ አያቶቻችን ከመመሪያው ቀድመዋል። እህሉ የሚጎድለውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ስለሚሞላ፣ ሽሮ በእንጀራ እርስ በርሱ የተሟላ ማዕድ ነው። ጤፉ ብረት አለው፤ ሊጡ በእርሾ መቡካቱም ማዕድኑን ይዞ የሚያስቀረውን ነገር ስለሚቀንስ ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። ያንን ሁሉ ደግሞ መልሰን እናበላሸዋለን፤ እጃችንን ሳንታጠብ ቡናው ይቀርባል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ይከለክላሉ። ለእኔ ብዙ ባያሳስበኝም በቤቴ ሁለት ወጣት ሴት ልጆች አሉ። አሁን ቡናው ምሳ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው የሚፈላው፤ ይህን የተቃወመችው በማዕዱ ላይ ቡና ጠጥታ ወደ ሥራ የምትሮጠው ጎረቤታችን ብቻ ናት።

ስለ ዓሣ ሳልጽፍ ብቀር የሐዋሳ ሰው አይደለህም ትሉኛላችሁ። ሐይቁ ከቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ አሞራ ገደል በየጠዋቱ ቆሮሶና አምባዛ ይወጣል። በደብተሩ ላይ ግን በዚያ ወር ዓሣ የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዋጋው እንደ ድሮው ባለመሆኑ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ብችልም፣ የዚያን ወር ለስላሳና ኬክ ሒሳብ ስደምረው ሁለት ጊዜ ዓሣ ይገዛ ነበር። ከቤት ውጭ ስንበላው ደግሞ የሚቀርብልን በአንድ መልክ ነው፤ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ፣ ጅራቱ እስኪንቃቃ ድረስ በዘይት ተጠብሶ። አንድ እሑድ በሐይቁ ዳር መጥበሻውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ዘይቱ የቡና ቀለም ይዟል፣ አንዱ ዓሣ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ሲጎድል አዲስ ዘይት ከላይ ይጨመርበታል እንጂ አሮጌው አይደፋም። በስንጥቆቹ ውስጥ የገባው ዘይት ዓሣው ሲነሣ በሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ወዲህ የማዘው ሾርባውን ነው። ሾርባው ርካሽ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ዳጣ ጣል ቢደረግበት ከጥብሱ አያንስም። ጥሬውን ዓሣ ለሚወዱ ወዳጆቼ ግን ጥገኛ ትላትል ከእሳት በቀር ሎሚም ዳጣም እንደማይመልሳቸው ላስታውስ።

የማዕዳችን ሥርዓት ራሱ ልኬትን የሚቃወም መሆኑንም መርሳት አይገባም። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ስንት እንጀራ እንደበላ አያውቅም፤ ወጥ ሲያልቅ ይጨመራል፣ እንጀራ ሲያልቅ ይደገማል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። የእኛን ቤት አንድ እንጀራ ሱቅ ወስጄ ባስመዝነው ከ300 ግራም በለጠ፤ ባለሱቁ ልሸጥለት የመጣሁ መስሎት ዋጋ ጠየቀኝ። በምሳ ሁለት፣ በእራት አንድ ተኩል ስበላ ኖሬ «እኔ ብዙ አልበላም» የምለው ሰው መሆኔን በዚያች ሚዛን ፊት ነው ያየሁት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ መቀነስ የሚቻለው ያለው ሰው መሆኑን ሳልዘነጋ ነው። በ2011 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለእነዚያ ቤቶች የእንቁላልና የወተት ዋጋ መቀነስ ከየትኛውም ምክር ይበልጣል። ነገር ግን ጨውና ስኳር የድሃውም የሀብታሙም ማእድ ላይ ስላሉ የሁለቱ ልኬት ሁሉንም ይመለከታል።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፣ የጤና ዓምዳችሁ ምክሩን በግራምና በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በቤት ዕቃና በወር አስቤዛ እንዲጽፍልን ነው፤ ለአምስት ሰው ቤተሰብ አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ ስንት ቀን መቆየት አለበት፣ የሽሮ ድስት ስንት ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል ብሎ። እኔ ያሰላሁት ጨው ለአምስት ሰው 40 ቀን መቆየት አለበት የሚል ነው፤ ባለሙያ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ አጣዳፊ ነው። የሀላባና የማረቆ በርበሬ ገበያ የሚገባበት ወቅት እየደረሰ ነው፤ በቤታችን የዓመቱ በርበሬ በቅርቡ ይቀነጠሳል። እኔና ባለቤቴ ዘንድሮ በርበሬውም ሽሮውም ያለ ጨው ይፈጭ፣ ጨው ከሲኒዋ ብቻ ይውጣ ብለን ተስማምተን ነበር። አማቴ ከይርጋለም ሰምተው በስልክ ተቆጡ። ያለ ጨው የተፈጨ በርበሬ ዓመት አይደርስም፣ ይሻግታል፣ ይነቅዛል ይላሉ፤ በዚህ ሥራ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ልምድ ስላላቸው ለመከራከር አልደፈርሁም። በርበሬ ያለ ጨው በምን ሁኔታ ሳይበላሽ እንደሚቀመጥ፣ ጨው የግድ ከሆነም ለአንድ ኪሎ ስንት እንደሚበቃ የሚያውቅ የምግብ ባለሙያ በዓምዳችሁ ቢመልስልኝ፣ ጋዜጣውን ይዤ ይርጋለም እሄዳለሁ። ወፍጮ ቤት ከመሄዳችን በፊት ቢወጣ ይመረጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ